የስኳር ሕመምን በአመጋገብና ለየሰው በተመጠነ የአካል እንቅስቃሴ መቆጣጠር

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በዓመት ውስጥ ከሐኪም ፊት የሚቀመጥበት ጊዜ ቢደመር ከጥቂት ሰዓታት አይበልጥም። የቀረውን ጊዜ ሁሉ ከማዕዱ፣ ከሥራውና ከገዛ አካሉ ጋር ይኖራል። መድኃኒት የሕክምናው አንድ ክፍል ነው፤ ምን፣ ምን ያህልና መቼ እንደሚበላ እንዲሁም እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ማወቅ ደግሞ ሌላው ክፍል ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለተኛውን ክፍል በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከሚኖሩና ከሚሠሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ኑሮ አንጻር ያብራራል።

ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው አትላስ እንደተመለከተው፣ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 79 ዓመት ከሆኑ የዓለማችን ሰዎች መካከል 537 ሚሊዮን የሚሆኑት ከሕመሙ ጋር ይኖራሉ። ከእነዚህ ውስጥ 73 ሚሊዮን ያህሉ በመካከለኛው ምሥራቅና በሰሜን አፍሪካ የሚገኙ ሲሆን፣ ይህ አካባቢ ከሕዝብ ብዛቱ አንጻር ሲመዘን ከዓለም ክፍሎች ሁሉ ከፍተኛው ስርጭት የታየበት ነው። ለብዙ ወራት የእግር ጉዞን የሚከለክል ሙቀት፣ ከበር እስከ በር የሚያደርስ መኪና፣ ነጭ ሩዝ፣ ነጭ ዳቦና ጣፋጭ መጠጥ በየዕለቱ መገኘታቸው ድርሻ አላቸው። ከአገሩ ቀጭን ሆኖ የመጣ ሠራተኛም በጥቂት ዓመታት ውስጥ የዚሁ አኗኗር ተካፋይ ይሆናል።

በሰውነት ውስጥ የሚሆነው

የበላነው እንጀራ፣ ሩዝ ወይም ፍራፍሬ በሆድ ዕቃ ውስጥ ተፈጭቶ ግሉኮስ የተባለ የስኳር ዓይነት ሆኖ ወደ ደም ይገባል። ከጨጓራ በስተጀርባ የሚገኘው ቆሽት ኢንሱሊንን ያመነጫል፤ ኢንሱሊን ግሉኮሱ ከደም ወጥቶ ወደ ጡንቻና ወደ ሌሎች ሕዋሳት እንዲገባ በር የሚከፍት ቅመም ነው። በዓይነት 1 የስኳር ሕመም ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆማል ወይም እጅግ ያነሰ ያመነጫል፤ ስለዚህ መርፌው ሊቋረጥ አይችልም። በብዛት በሚታየው ዓይነት 2 ደግሞ ኢንሱሊን እያለ ሕዋሳት አይታዘዙለትም፤ ከጊዜ በኋላም ቆሽት ይደክማል። ሁለተኛው ዓይነት ለአመጋገብና ለእንቅስቃሴ ለውጥ በጎ ምላሽ የሚሰጥ ነው።

ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ ቶሮንቶ በፍሬድሪክ ባንቲንግና በቻርልስ ቤስት ከመገኘቱ በፊት ሐኪሞች በእጃቸው የነበረው መሣሪያ ምግብን መቀነስ ብቻ ነበር። ዓይነት 1 የያዛቸው ልጆች በረኃብ እየመነመኑ ጥቂት ጊዜ ይቆዩ ነበር። ዛሬ የዓለም የስኳር ሕመም ቀን በየዓመቱ ኅዳር መግቢያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን የሚታሰበው የባንቲንግ የልደት ቀን ስለሆነ ነው። ይህን ታሪክ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ «ምግቤን አስተካክያለሁና ኢንሱሊኔን ልተው» የሚል ዓይነት 1 ታማሚ ወደዚያ ዘመን ራሱን እየመለሰ ነውና።

አመጋገብና እንቅስቃሴ ምን ያህል ይጠቅማሉ ለሚለው በቂ ማስረጃ አለ። በአሜሪካ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የወጣው ሰፊ ጥናት፣ ለሕመሙ በተቃረቡ 3,234 ሰዎች ላይ የተደረገ ነበር። ከክብደታቸው 7 በመቶ ያህሉን እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የታገዙት ሰዎች ወደ ሕመሙ የመሻገር ዕድላቸው በ58 በመቶ ሲቀንስ፣ ሜትፎርሚን የተባለውን ክኒን የወሰዱት ደግሞ በ31 በመቶ ቀንሶላቸዋል። በብሪታንያ በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2017 ማብቂያ ይፋ በሆነ ሌላ ጥናት፣ ዓይነት 2 ከጀመራቸው 6 ዓመት ካልሞላቸው ታማሚዎች መካከል በሐኪም ክትትል በርከት ያለ ክብደት እንዲቀንሱ ከታገዙት ውስጥ ግማሽ ሊሆኑ ጥቂት የቀራቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከሕመም መጠን በታች ወርዷል። ይህ ማለት ግን ሕመሙ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ክብደቱ ሲመለስ ስኳሩም ይመለሳል።

ቁጥሮችና የዐረብኛ ስሞቻቸው

በዚህ አካባቢ በሚገኙ ክሊኒኮች የምርመራ ወረቀት በእንግሊዝኛ፣ ንግግሩ ደግሞ በአብዛኛው በዐረብኛ ነው። ቃላቱን አለማወቅ የሚያስከትለውን ጉዳት ይህ ጸሐፊ በአስተርጓሚነት ሥራው ተመልክቷል። አንዲት የቤት ሠራተኛ እህታችን ስኳር የሚቀንሰውን ክኒን በንጋት ውጣ ምግብ እስከ ቀትር ሳትቀምስ ስትሠራ ራሷን ስታ ወድቃ ነበር። በመድኃኒቱ ሳጥን ላይ በዐረብኛ የተጻፈው «ከምግብ ጋር» የሚል ነበር፤ ያነበበላት ግን አልነበረም።

ስለዚህ የሚከተሉትን ቃላት መያዝ ይጠቅማል። «ቀብል አልአክል» ከምግብ በፊት፣ «ማዓ አልአክል» ከምግብ ጋር፣ «ባዕድ አልአክል» ከምግብ በኋላ፣ «ዐላ አርሪቅ» በባዶ ሆድ ማለት ነው። «ሱከር ሷኢም» ቢያንስ 8 ሰዓት ምግብ ሳይበሉ የሚለካ ስኳር ነው፤ በዴሲ ሊትር 126 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ሆኖ በተደጋጋሚ ከተገኘ ሕመሙ አለ ይባላል፤ ከ100 እስከ 125 ያለው ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው። «ሱከር ተራኩሚ» ቃሉ «የተከማቸ ስኳር» ማለት ሲሆን፣ ያለፉትን ሁለት ወይም ሦስት ወራት አማካይ በመቶኛ ያሳያል፤ 6.5 እና ከዚያ በላይ የሕመሙ ምልክት ሲሆን፣ ለብዙ ታማሚዎች የሚመከረው ግብ ከ7 በታች ማድረግ ነው። ለምርመራ ሁለት ቀን ሲቀረው ጣፋጭ የሚተው ሰው የጠዋቱን ልክ ሊያሳምር ይችል ይሆናል፤ ተራኩሚውን ግን አያታልለውም።

አንዳንድ የመለኪያ መሣሪያዎች በሚሊ ግራም ፈንታ በሚሊሞል ያሳያሉ። ቁጥሩን በ18 ማባዛት ወደ ሚሊ ግራም ይመልሰዋል፤ 7 የሚል ቁጥር 126 ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ «ስኳሬ 9 ሆነ፣ ወርዶ አለቀ» ብለው በድንጋጤ ጭማቂ የጠጡ ሰዎች አሉ፤ እውነተኛው ልካቸው 162 ነበር።

ማዕዱ

የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ለታማሚ የሚያሳዩት የታወቀ ሥዕል አለ፤ የሳህኑ ግማሽ አትክልት፣ ሩቡ ፕሮቲን፣ የቀረው ሩብ ደግሞ እንደ ሩዝና ዳቦ ያለ ኃይል ሰጪ ምግብ። ይህ ሥዕል ወደ እኛ ማዕድ ሲመጣ ይቸገራል፤ በእኛ ዘንድ ሳህኑ ራሱ እንጀራ ነውና። ከሥር እንጀራ ተነጥፎ፣ ወጡ በላዩ ፈስሶ፣ በጎን ተጨማሪ ጥቅል ሲቀርብ ሩቡ የቱ እንደሆነ አይታወቅም። አንድ ሙሉ እንጀራ ብቻውን ከበርካታ ቁራጭ ዳቦ የሚተካከል ኃይል ሰጪ ምግብ ይዟል። የሚሻለው መንገድ እንጀራውን ከመቅረቡ በፊት በአራት ቆርጦ ድርሻን መለየት፣ ከሥር በማንጠፍ ፈንታ በሳህኑ ጥግ ማስቀመጥ፣ መካከሉን ለጎመን፣ ለፎሶልያ፣ ለሰላጣና ለምስር መተው ነው። በጋራ ትሪ ለሚበሉ ደግሞ ድርሻን በሌላ ሳህን ማውጣት ነውር መሆን የለበትም። ጉርሻም ፍቅር ነው፤ ነገር ግን የሚያጎርሰው ሰው ሕመሙን ካወቀ ከእንጀራው ይልቅ ከጎመኑ ማብዛት ይችላል።

ጤፍ ለስኳር ሕመም መድኃኒት ነው የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ሙሉው እህል ስለሚፈጭ አሰር አለው፤ ብረትም አለው፤ ሆኖም ዱቄት ነውና ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ከዚህም በላይ በስደት አገር የሚጋገረው እንጀራ ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ጤፍ አይደለም፤ የሩዝ፣ የስንዴ ወይም የማሽላ ዱቄት ይቀላቀልበታል። የተነጠረ የስንዴና የሩዝ ዱቄት ስኳርን ፈጥኖ ያወጣል። የቱ ዱቄት ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ከሁሉ የተሻለው ዳኛ የራስ መለኪያ መሣሪያ ነው፤ ከመብላት በፊትና ከመጀመሪያው ጉርሻ ሁለት ሰዓት በኋላ ለክቶ ልዩነቱን መጻፍ። ለብዙዎች የሚመከረው ግብ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ከ180 በታች ነው።

ሽሮ፣ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ በማዕዳችን ካሉት መልካም ነገሮች ናቸው፤ ፕሮቲንና አሰር ስላላቸው ስኳርን በዝግታ ይለቃሉ። ፉል በኢትዮጵያም በባሕረ ሰላጤውም የሚበላ ቁርስ ነው፤ ችግሩ ከባቄላው ሳይሆን ከፉሉ ጋር ከሚታጠፈው ነጭ ኹብዝ ነው። አንድ ትልቅ ኹብዝ በግማሽ ቢሆን ቁርሱ ቁርስነቱን አይለቅም። የመክቡስና የካብሳ ሩዝም እንዲሁ ነው፤ ከሥጋውና ከሰላጣው ጀምሮ ሩዙን በመጨረሻ መብላት የስኳሩን አወጣጥ እንደሚያለዝብ በጥናት ታይቷል። በቁሌት ላይ የሚበዛው ዘይት ስኳርን ወዲያው ባያወጣም ክብደትን ይጨምራልና መመጠን ያስፈልገዋል።

መጠጥ ግን ከምግብ ሁሉ ይልቅ ሳይታወቅ የሚጎዳ ነው። አንድ ባለ 330 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጣሳ 35 ግራም ያህል፣ ማለትም ወደ 9 የሻይ ማንኪያ የሚጠጋ ስኳር አለው። በቡና ሥነ ሥርዓት ላይ በአቦል፣ በቶናና በበረካ ሁለት ሁለት ማንኪያ የሚጨምር ሰው ስድስት ማንኪያ ስኳር ጠጥቶ ይነሣል፤ በሙቅ ወተት የሚፈላው ከረክ ሻይም በዚሁ ሂሳብ ይታያል። ስፕሪስና የማንጎ ጭማቂ ፍራፍሬ ቢሆኑም አሰራቸው ስለተፈጨ ከፍሬው ይልቅ ፈጥነው ስኳር ያወጣሉ። ማርም ስኳር ነው። ትልቁ የመጅዱል ቴምር አንዱ ፍሬ ብቻ ከ4 የሻይ ማንኪያ ስኳር የማያንስ ጣፋጭ ይዟል፤ ትንንሾቹ የቴምር ዓይነቶች ግን ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ስላላቸው ቴምርን ጨርሶ ከመከልከል ይልቅ ዓይነቱንና ቁጥሩን መምረጥ ይቻላል።

አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድና የሽፈራው ቅጠል በሰዎች ዘንድ ይወደሳሉ። አብሽ በመጠኑ ስኳርን እንደሚቀንስ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ነገር ግን በክኒን ላይ ሲደረብ ስኳርን ከመጠን በታች ሊያወርድ ስለሚችል ለሐኪም መንገር ይገባል። መድኃኒትን ትቶ በቅጠል መተካት ግን ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን ለአደጋ መስጠት ነው።

እንቅስቃሴው ለማን?

የሚንቀሳቀስ ጡንቻ ግሉኮስን ያለ ኢንሱሊን እገዛ ጭምር ከደም ይስባል፤ ይህም ዓይነት 2 ባለበት ሰው ዘንድ ታላቅ ጥቅም ነው። ውጤቱ ከ1 እስከ 3 ቀን ይቆያል፤ ስለዚህ ከሁለት ተከታታይ ቀናት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቆየት አይመከርም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። መጠነኛ የሚባለው እየተራመዱ መነጋገር የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ፍጥነት ነው። በኒውዚላንድ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ 10 ደቂቃ መራመድ በቀኑ በአንድ ጊዜ 30 ደቂቃ ከመራመድ ይልቅ ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር ይበልጥ ይቀንሳል። ጊዜ ለሌለው ሠራተኛ ይህ መልካም ዜና ነው።

ሆኖም አንድ ዓይነት ምክር ለሁሉ አይሆንም። ሾፌር ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ ለእርሱ በየመቆሚያው ወርዶ 10 ደቂቃ መራመድ፣ ምሽት ላይም ቁጭ ብድግ ማለትና ግድግዳ መግፋት ይጠቅመዋል። ኢንሱሊን ወይም ስኳር አውራጅ ክኒን የሚወስድ ሾፌር መሪ ከመያዙ በፊት መለካት አለበት፤ ከ90 በታች ከሆነ በልቶ እስኪስተካከል መጠበቅ ይኖርበታል። የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት፤ በሌሊት የሚበላ ምግብ ስኳርን ይበልጥ ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ ዋናውን ምግብ ከሥራ በፊት በልቶ በሌሊት ቀለል ያለ ነገር፣ ለምሳሌ እርጎ ወይም የሽምብራ ቆሎ ቢይዝ፣ በየሰዓቱም ተነሥቶ ቢዞር ይሻለዋል።

የቤት ሠራተኛዋ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። ከንጋት እስከ ምሽት ቆማ ለምትውል ሴት «ስፖርት ሥሪ» ማለት ስላቅ ይመስላል፤ መጥረግ፣ ደረጃ መውጣትና መወልወልም እንቅስቃሴ ናቸው። የእርሷ ዋነኛ ሥጋት እንቅስቃሴ ማነስ ሳይሆን የምግብ ሰዓት መዛባት ነው፤ ቤተሰቡ በልቶ እስኪነሣ ትጠብቃለች፤ ክኒኑ ግን አይጠብቅም። በመሆኑም የሥራዋን ሰዓት ለሐኪሟ በግልጽ ብትነግር የመድኃኒቱ ዓይነት ወይም ሰዓቱ ሊለወጥ ይችላል፤ ጥያቄውን ብዙዎች አያነሡትም፤ ሐኪሙም ካልተነገረው አያውቅም። ለአሠሪዋም «ዒንዲ ሱከሪ፣ ላዚም ኣኩል አልሒን» ማለት ትችላለች፤ «ስኳር አለብኝ፣ አሁን መብላት አለብኝ» ማለት ነው። ሕመሙን መደበቅ ሥራን የሚያተርፍ ይመስላል፤ በወጥ ቤት ወለል ላይ ወድቆ መገኘት ግን የበለጠ ያሳጣል።

በፀሐይ የሚሠሩ የግንባታ ሠራተኞች ተጨማሪ ልምምድ አያስፈልጋቸውም፤ የሚያስፈልጋቸው ውኃና ጥላ ነው። በተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 (በአገራችን አቆጣጠር) በቀጥታ ፀሐይ ሥር መሥራት በሕግ የተከለከለ ነው። ውኃ ያጠረው ሰውነት ስኳሩ በደሙ ውስጥ ይበልጥ ይወፍራል። ስኳርን በሽንት የሚያስወጡ እንደ ኢምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን ያሉ ክኒኖችን የሚወስዱ ደግሞ ውኃ ይበልጥ ስለሚያጡ ለሐኪማቸው በሙቀት እንደሚሠሩ ማሳወቅ አለባቸው። በበጋ ለመራመድ የሚሻ ሰው ከንጋት በፊት ወይም በገበያ ማዕከላት ውስጥ ቢራመድ ይመረጣል።

እግራቸው የደነዘዘ ሰዎች ጠባብ ጫማና ነጠላ ጫማ አድርገው መራመድ የለባቸውም፤ በየምሽቱም የእግራቸውን ሥር በመስታወት ማየት ይገባቸዋል፤ የማይሰማ ቁስል ነው ለመቆረጥ የሚያደርሰው። የዓይናቸው ደም ሥር የተጎዳባቸው ትንፋሽ አፍኖ ከባድ ዕቃ ማንሣትን ሐኪም እስኪፈቅድ ይተዉ። ስኳሩ ከ250 በላይ ሆኖ የማቅለሽለሽ ወይም የሆድ ሕመም ያለበት ሰው በዚያ ቀን አይለማመድ፤ ወደ ሕክምና ይሂድ። በእንቅስቃሴ ላይ ደረት ከጨነቀ ወዲያው ማቆም ያስፈልጋል።

ስኳር ሲወርድ

ዐረቦች «ሁቡጥ ሱከር» ይሉታል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ድንገተኛ ረኃብ፣ ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው፤ ልኩም ከ70 በታች ነው። 15 ግራም ፈጣን ስኳር፣ ማለትም ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት፣ ካልተነሣ መድገም ነው። ቸኮላታ ለዚህ አይመረጥም፤ ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋልና። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም፤ አምቡላንስ ይጠራለታል። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊክላዛይድና ግሊቤንክላማይድ ያሉ ክኒኖች የሚወስዱ ሰዎች ከረሜላ ወይም ስኳር ከኪሳቸው ሊለይ አይገባም። ሜትፎርሚን ብቻ በሚወስዱ ዘንድ ይህ እምብዛም አይከሰትም።

በጾም ወራት

የረመዳንን ጾም ለመጾም የሚሻ ታማሚ ከ6 እስከ 8 ሳምንት አስቀድሞ ሐኪሙን ቢያማክር የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት ይስተካከልለታል። በጾም ላይ ሳለ ስኳሩ ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ከሆነ መግደፍ እንዳለበት ሐኪሞች ያሳስባሉ፤ ጣትን ወግቶ መለካትም ጾምን እንደማይሽር የሃይማኖት ሊቃውንት ያስረዳሉ። ሱሁርን ማዘግየት፣ ኢፍጣርን በውኃና በጥቂት ቴምር ጀምሮ ሾርባና አትክልት ማስቀደም ይመከራል። የተራዊሕ ሶላት እንደ አካል እንቅስቃሴ የሚቆጠር ስለሆነ ከእርሱ በተጨማሪ ከባድ ልምምድ አያስፈልግም። ዐቢይ ጾምን የሚጾሙ የኦርቶዶክስ ምእመናንም የሚጠነቀቁት በተመሳሳይ ነገር ነው፤ የጾም ምግባቸው ከጥራጥሬና ከአትክልት የተሠራ መሆኑ ይጠቅማል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ግን መድኃኒት ለሚወስድ ሰው በሐኪም ምክር የሚወሰን ነው።

መድኃኒቱን በሙቀት መጠበቅ

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ በረዶ ከያዘው ይጣላል። በሥራ ላይ ያለው ብዕር እንደ ዓይነቱ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ ባልበለጠ ክፍል ውስጥ በአብዛኛው ለ4 ሳምንት ያገለግላል። በቆመ መኪና ውስጥ ለአንድ ሰዓት የተረሳ ኢንሱሊን ግን መልኩ ሳይለወጥ ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። ለዕረፍት ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ኢንሱሊኑንና መርፌውን በሚፈተሸው ሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳው ከሐኪም ደብዳቤ ጋር መያዝ አለበት፤ የመለኪያ ወረቀቶቹም ለየመሣሪያው የተለዩ ስለሆኑ ለቆይታው የሚበቃ ያህል ከዚሁ ገዝቶ መሄድ ይኖርበታል።